ጋሽ ፍሬው እና የሸዋ በር ኦቾሎኒ

ጋሽ ፍሬው በተቀበሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ኃላፊያችን ነው። ጥቁር ኮቱን ግጥም አድርጎ ቆልፎ፣ ድምፁን ሰበር አድርጎ፣ "ታታሪ፣ ትሑት፣ ሥራቸውን ከራሳቸው አስበልጠው የሚወዱ አባት" ይላል። ለቀስተኛው ከንፈሩን ይመጣል። ይኸው አፍ ነው እኚህኑ ሰው በስብሰባ መሃል "ነዝናዛ ሽማግሌ" ሲል የሰማሁት። ይኸው እጅ ነው ከጠረጴዛቸው አስነስቶ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ዕቃ ግምጃ ቤት ያስገባቸው። ኤዲያ። አንዳንድ ሰው ፊቱን የሚያጥበው በምን እንደሆነ አላውቅም።

እኔ ደግሞ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ንፍሮ እቆረጥም ነበር። በዚያ ድንኳን ውስጥ ከነበርነው ሁሉ በጣም የሚያስጠላው ሰው ኃላፊው አልነበረም። እሱማ ያው እሱ ነው፣ ሌላ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ጋሽ ፍሬውን ያወቅኋቸው ሥራ ስቀጠር ነው። መሥሪያ ቤታችን፣ ስሙ ይቅር፣ የቤትና የእርሻ ይዞታ መዝገብ የሚጠብቅ ነው። የማን መሬት ከየት እስከ የት እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት እኛ ጋ ነው ያለው፤ ማለቴ፣ ነበር። እሳቸው የኮምፒውተሩ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በጫማ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጥርሳቸው ካለቀ የቆየ ሰው። ቅድመ አያታቸው ከሸዋ መጥተው እዚሁ ሐረር የቀሩ ናቸው፤ ቤታቸው ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ጀርባ ነበር። ጀጎል ሲገቡ በየበሩ በሐረሪም በኦሮምኛም ሰላም ስለሚሉ አንዷን ጠባብ መንገድ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። ከሳቸው ጋር ምሳ ሊበላ የወጣ ሰው ሳይበላ ይመለሳል።

አንድ አመል ነበረቻቸው። ያደረጉት ነገር መደረጉን ሳያዩ አይሄዱም። ቢሮውን ሲቆልፉ ቁልፉን ካዞሩ በኋላ ጓጉንቸሩን ጨብጠው አንዴ ወደ ታች ሳብ ያደርጉታል። ቧንቧ ሲዘጉ መዳፋቸውን ከሥሩ ዘርግተው ጠብታ እንዳለ ያያሉ፤ ሐረር ላይ ውኃ ስንት ቀን ጠፍቶ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይፈርድባቸውም። ወረቀት ላይ ሲፈርሙ ቀለሙን በሌባ ጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ጣታቸውን ያያሉ። "ደወልኩለት" ብትላቸው "አነሳ?" ይሉሃል። "ነገርኩት" ስትል "እሱ ምን አለ?" የሁሉ ነገር መደምደሚያቸው ያችው ነበረች፤ "መልሱን እይ።"

እኛ እንስቅባቸው ነበር። እኔማ ድምፃቸውን በማስመሰል የታወቅሁ ነበርኩ። አንዱ "ሻይ አዝዣለሁ" ሲል መነጽሬን ዝቅ አድርጌ "ሻዩ ምን አለ?" እላለሁ፣ ቢሮው በሳቅ ይፈርሳል። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው ሰሙኝ። ፈገግ ብለው አለፉ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ከሦስት ዓመት በፊት የወረቀቱ መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ ተባለ። የተሰጡን ኮምፒውተሮች አሮጌ ስለነበሩ ጋሽ ፍሬው ፕሮግራሙ ሲ በሚባለው በቆየው ቋንቋ ይጻፍ አሉ። ፈጣን ነው፣ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፤ ግን አያስታምምህም። ያላዘዝከውን አይሠራልህም፣ ያልጠየቅኸውን አይነግርህም። የተጻፈውን ወስዶ ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጠው ክፍል ለእኔ ደረሰኝ። ቶሎ ጨረስኩት። ሲያስቀምጥ ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ "በትክክል ተቀምጧል" የሚል እንዲወጣ አደረግሁ። በዚያች አረንጓዴ ጽሑፍ ኮርቼ ነበር።

ጋሽ ፍሬው ኮዱን ወረቀት ላይ አሳትመው፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው፣ ጠዋቱን ሙሉ አነበቡት። ከዚያ ጠሩኝ።

"እዚህ ጋ ፋይሉን ዘግተሃል።"

"አዎ ጋሽ ፍሬው።"

"ተዘጋ?"

"ዝጋ ብዬዋለሁ እኮ።"

"ማለትህንማ አየሁ። እሱ ምን አለህ?"

ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ቀስ ብለው አስረዱኝ። ፋይል ላይ የምትጽፈው ነገር ወዲያው ዲስኩ ላይ አይሰፍርም፤ መጀመሪያ ማቆያ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ፋይሉን ዝጋ ስትለው ነው ማቆያው ላይ የቀረው ተጠራርጎ ወደ ዲስኩ የሚወርደው። ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ የመዝጊያው ትእዛዝ አልቻልኩም ብሎ ይመልስልሃል። አንተ ያን መልስ ካላየህ የቀረው ጽሑፍ ማቆያው ላይም የለም፣ ዲስኩም ላይ የለም፤ አንተ ግን አስቀመጥኩ ብለህ ትሄዳለህ።

"ደግሞ አንዴ ዘግተኸው እምቢ ካለህ ያንኑ ፋይል ደግሜ ልዝጋ እንዳትል" አሉኝ። "ከእጅህ ወጥቷል። ደግመህ ከነካኸው የባሰ ታበላሻለህ። ያን ጊዜ ያለህ አሮጌው ብቻ ነው። ስለዚህ አዲሱን በሌላ ስም ጻፈው፣ ዝጋው፣ መልሱን እይ። እሺ ካለህ በኋላ ነው በአሮጌው ቦታ የምትተካው። እስከዚያ አሮጌውን እንዳትነካ።"

"አስተካክለዋለሁ" አልኩ።

አላስተካከልኩም። ሦስት መስመር ብትሆን ነው። ሰነፍኩ ብል እንኳ ያምርብኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ናቅኋቸው። ዲስክ ደግሞ መቼ ነው የሚሞላው ብዬ።

ዲስኩ ሞላ። በምን እንደሞላ ብነግራችሁ ታፍራላችሁ። ኃላፊያችን ለአዲሱ የኮምፒውተር መዝገብ ምረቃ ተብሎ በየክፍሉ እየዞረ ስለ ዘመናዊ አሠራር ሲደሰኩር በካሜራ ተቀርጾ ነበር። ያ ሁሉ ቪዲዮ የተጫነው መዝገቡ በሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ ነው። ጸሐፊዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ከወረቀቱ እያነበቡ ይጽፋሉ፣ አረንጓዴዋ ጽሑፍ "በትክክል ተቀምጧል" ትላለች፣ ማስቀመጫው ግን ጢም ብሏል። ኋላ ቪዲዮው ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ፤ ዲስኩ መልሶ ባዶ ቦታ አገኘ፤ ማንም ምንም ሳያውቅ ታለፈ።

ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው ኃላፊው የመዝገብ ክፍሉ ቀለም ይቀባ፣ ሶፋና የፕላስቲክ አበባ ይግባበት አለ። ወረቀቱስ ሲባል "ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ያደርጋል?" አለ። ጋሽ ፍሬው በሩ ላይ ቆሙ።

"አዲሱ መዘጋቱን ሳላይ አሮጌው አይነካም። አንድ ሳምንት ስጡኝ፣ አንድ በአንድ ላመሳክር።"

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። "ፕሮግራሙን የጻፍከው አንተ ነህ። ኮምፒውተሩ ተቀምጧል ይላል ወይስ አይልም?"

"ይላል" አልኩ።

ይላል እኮ። እንዲል ያደረግሁት እኔ ነኝ። አንዲት የውሸት ቃል አልወጣኝም፤ ይህን ሳስብ ነው ይበልጥ የሚቀፈኝ። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ በጋሪ ተጭኖ ሸዋ በር ወረደና ለመጠቅለያ ተሸጠ። የስንት ሰው ቤትና ማሳ፣ ከነማኅተሙ።

ከምረቃው በኋላ አንድ ገበሬ መጡ። ኦቦ ሙሜ ይባላሉ፤ ከሐኪም ጋራ ጥግ ላይ ጫትና ድንች ያለማሉ። ከጎናቸው ቦታ የያዘ አንድ ባለ መኪና አጥሩን ወደ እሳቸው እየገፋው ስለሆነ የወሰናቸውን ማስረጃ ፈለጉ። ፋይላቸውን ከፈትኩ። ስማቸው አለ፣ የአባታቸው ስም አለ። ወሰኑ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ቦይ፣ በምዕራብ የወንድማቸው ማሳ፣ "በምሥ" ይልና ያቆማል። ከዚያ በታች ነጭ ነው።

"በምሥ ምን?" አሉኝ።

"እዚህ ላይ ያልቃል" አልኳቸው።

"ወላሂ መሬቴ እዚያ ላይ አያልቅም" አሉ ኦቦ ሙሜ። "ጉድጓዱ ያለው በምሥራቅ ነው። ያለ ጉድጓዱ ጫቱ በሁለት ወር ይደርቃል።"

ጋሽ ፍሬው ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን አዩ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ያን ሳምንት የተጻፉትን ፋይሎች ሁሉ አንድ በአንድ ከፈቱ። ሁሉም መጨረሻው ተቆርጧል።

ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊው ጠረጴዛውን እየመታ "ይህን ያደረገው ማነው?" አለ። ጋሽ ፍሬው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ አዩ። አላፈጠጡብኝም። ዝም ብለው አዩኝ፣ ጓጉንቸሩን ከሳቡ በኋላ እንደሚያዩት። እኔ ጫማዬን አየሁ። ጫማዬ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር።

"የክፍሉ ኃላፊ እርስዎ ነዎት" አላቸው ኃላፊው።

"ነኝ" አሉ።

በሳምንቱ እሳቸው ግምጃ ቤት ወረዱ፣ እኔ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጥኩ። ሦስቱን መስመር በዚያው ቀን ጨመርኩ፤ አንድ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀብኝም። መሳቢያውን ስከፍት ቀዩን እስክሪብቶ አገኘሁት። ማየት ስላስጠላኝ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። እንግዲህ እኔ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ኦቾሎኒው የመጣው። ከሥራ ወጥቼ ሸዋ በር ሚኒባስ ስጠብቅ ጋሽ ፍሬው ኦቾሎኒ ከሚሸጡት ሴቶች ፊት ቁጢጥ ብለው አየኋቸው። ጥርስ የሌላቸው ሰው ኦቾሎኒ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ጠጋ አልኩ።

"ይኼን አይደለም፣ ያንን ስጪኝ" ይላሉ።

"ጋሼ፣ ሁሉም አንድ ነው፣ የባቢሌ ነው" ትላለች ሴትዮዋ።

"ኦቾሎኒውን አላልኩሽም የኔ ልጅ። መጠቅለያውን ነው።"

ተቀብለው ኦቾሎኒውን ሚኒባስ ለሚጠብቀው ሰው እፍኝ እፍኝ ያድሉና ወረቀቱን ይፈቱታል። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው ያነባሉ። የእኛ መዝገብ ነበር። ከሳምቡሳ ሻጮቹም ዘይት የጠጣ፣ ማኅተሙ የተጨማለቀ ገጽ ይሰበስባሉ። በየቀኑ። ሴቶቹ መጀመሪያ "ወረቀት በሉ ሽማግሌ" እያሉ ይስቁባቸው ነበር፤ በኋላ ግን ማኅተም ያለበትን እየለዩ ያስቀምጡላቸው ጀመር። ኦቾሎኒ ሻጭ የገባት ነገር ለኃላፊያችን አልገባውም። እኔ ገብቶኛል፤ ገብቶኝ ነው ሚኒባስ ጀርባ የተደበቅሁት።

አንድ እሑድ ግን ያዙኝ። ክንዴን ይዘው ቤታቸው ወሰዱኝ። ሳሎኑ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተወጥሮ ወረቀቱ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሏል፣ በየቀበሌው ተለይቶ። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ገመዱን በጭንቅላታቸው እያሾለኩ ሲገቡ፣ "ቤቴ ሳምቡሳ ቤት ሳምቡሳ ቤት ይሸታል፣ ሳምቡሳው ግን የለም" አሉኝ። ጋሽ ፍሬው ሳቁ።

"አብዛኛው ተገኝቷል" አሉኝ። "የኦቦ ሙሜ የመጨረሻ ገጽ ግን የለም። አንዱ ኦቾሎኒውን በልቶ ጥሎታል።"

ከዚያ ከሣጥን ውስጥ በእጃቸው የጻፉትን አንድ ወረቀት አወጡ። መዝገቡ "በምሥ" ላይ የቆመው ይዞታው እዚያ ስላለቀ ሳይሆን፣ ፋይሉ ሲዘጋ መሳካቱን ፕሮግራሙ ስላላረጋገጠ ነው ይላል። ከሥሩ ሁለት የፊርማ ቦታ አለ። በአንዱ ፈርመዋል፤ ሁለተኛው ባዶ ነው።

"ኦቦ ሙሜ ባለ መኪናውን ከስሰዋል፤ ዳኛው የእኔ ብቻ አይበቃም አሉ" አሉኝ። "ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ቃል ያስፈልጋል።"

"ነገ መጥቼ እፈርማለሁ ጋሽ ፍሬው።"

"እሺ" አሉ።

ነገ አልሄድኩም። ከነገ ወዲያም። ብፈርም ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። መፍራት ያለ ነው፤ እኔን ያስጠላኝ መልመዴ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ፣ ከዚያ እንቅልፌ ተመለሰ። ጋሽ ፍሬውን በሳምንት ሁለት ሦስቴ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ። ስለዚያ ወረቀት አንድ ቀን እንኳ ደግመው አላነሱብኝም። "የእናትህ ጉልበት እንዴት ሆነላት?" ይሉኛል። "ደህና ናት" እላለሁ። "ሐኪሙ ምን አለ?" ይሉኛል። ቢሰድቡኝ እንዴት በወደድኩ። የባለ መኪናው አጥር ግን አላረፈም፤ ጉድጓዱን አልፎ ገባ። ኦቦ ሙሜ ውኃ በአህያ ከሩቅ እየጫኑ ጫታቸውን ሲያጠጡ ሁለት ጊዜ አየኋቸው። ሁለቴም መንገድ ቀየርኩ።

እንግዲህ እንዲህ ሆነን ነው እሳቸው በአራት ቀን ሕመም የሞቱት፣ እኔም ድንኳን ውስጥ ንፍሮ የምቆረጥመው።

ኃላፊው አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ጥሩ አነበብኩ?" አለኝ። ማርያምን፣ እንዲህ ነው ያለኝ። ሽቶው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ከሱ ራቅ ልል ወንበሬን ሳብ ሳደርግ ኦቦ ሙሜ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ፣ ፌስታል በብብታቸው ይዘው ገቡ። እትዬ አልማዝ ዘንድ ሄደው "አላህ ይዘንላቸው፣ አላህ ያጥናሽ" አሉና ወደ ኋላ መጥተው ከወዲያኛው ጎኔ ተቀመጡ። መንገድ የምቀይርበት ቦታ አልነበረም።

"ቀጠሮው መቼ ነው?" አልኳቸው።

"ሐሙስ። የመጨረሻ ነው ብለዋል ዳኛው።"

"የጋሽ ፍሬው ወረቀትስ?"

ፌስታሉን መታ መታ አደረጉ። "እኔ ዘንድ ነው። ከመታመማቸው በፊት ሰጡኝ።"

"ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ" አሉ ኦቦ ሙሜ። "የዚያን እሑድ ማታውኑ ነግረውኛል።"

"ታዲያ ለምን መጥተው አልያዙኝም?"

"ልመጣ ነበር። ጋሼ ከለከሉኝ። 'አንዴ ጠይቄዋለሁ፣ አልመለሰም' አሉኝ። 'ደግመን ብንነካው የባሰ ይበላሻል። አንተ ወረቀቱን ብቻ እንዳትጥል፤ ራሱ ከመጣ ቦታው ክፍት ይቆየው' አሉ።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ማንም አልገረመውም። ወደ ኃላፊው ዞርኩና "እስክሪብቶዎን ያውሱኝ" አልኩት። ለእድር ስም የምጽፍ መስሎት ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ኦቦ ሙሜ ወረቀቱን አወጡ፤ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በባዶው ቦታ ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

"ምንድነው እሱ?" አለ ኃላፊው አንገቱን አስግጎ።

"ለፍርድ ቤት ነው" አልኩት። "የኦቦ ሙሜን ፋይል የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ተቀምጧል ይላል ያልኩዎት ሳይቀመጥ ነው። እሳቸው ደግሞ ነግረውን ነበር፣ ለእኔም ለእርስዎም።"

ሳላስበው ጮክ ብዬ ኖሯል። ንፍሮ የምታዞረው ሴት ሰፌዷን ይዛ ቆመች። እትዬ አልማዝ ቀና ብለው አዩኝ።

"አሁን ለቅሶ ላይ ነን" አለ ኃላፊው ጥርሱን ነክሶ። "ነገ ቢሮ ና፣ እንነጋገራለን።"

"ነገ እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት" አልኩና እስክሪብቶውን መለስኩለት።

ኦቦ ሙሜ ወረቀቱን ተቀበሉኝ፤ ወዲያው ግን አላጠፉትም። የሌባ ጣታቸውን ጫፍ ፊርማዬ ላይ ነካ አደረጉና ጣታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት።